ፓኮውን ተዪው፣ ስሙን አንብቢ

ቆዪ እስቲ፣ ለእማዬ ከመስጠትሽ በፊት አሳዪኝ። ይሄ ግሉኮሚን ነው፣ ያኛው ግሉኮፋጅ። አንዱ ከሆስፒታል ስትወጣ የተጻፈላት፣ ሌላው ከድሮው ማርሻም፣ ከሐኪም ማዘዣው፣ የተረፈ። ስማቸው ይለያይ እንጂ ሁለቱም ሜትፎርሚን ናቸው። አየሽ፣ ከትልቁ ስም ሥር በትንሹ ተጽፏል። ትንሿን ጽሑፍ ነው ማንበብ።

እማዬ ዕብራይስጥ አታነብ፤ ክኒኖቿን የምታውቃቸው በመልካቸው ነው። «ነጯ የጠዋት፣ ቢጫዋ የማታ» ትላለች። ፋርማሲው የሌላ ፋብሪካ ክኒን ሲሰጣት አዲስ መድኃኒት የጨመሩላት ይመስላታል፤ የድሮውንም አትተውም።

አካሞልና ዴክሳሞልም እንደዚያው፣ ሁለቱም ፓራሲታሞል። ራሷን ሲያማት ከዚህ ሁለት፣ ከዚያ ሁለት ስትውጥ ጉበቷ ነው የሚጎዳው። ባለ 500 ሚሊግራሙ ለጤነኛ ሰው እንኳ በ24 ሰዓት ከ8 አይበልጥም፤ የእሷን መጠን ሐኪሟ ይንገረን። ጎረቤት «ለጉልበትሽ» ብላ የምታመጣላትን ኑሮፌን ደግሞ አደራ፣ እንዳታስወስጃት። ግፊት ይጨምራል፤ ከግፊት ክኒኗ ጋር ሲሆን ኩላሊቷንም ይጎዳል።

ሌላም አለ። ሐኪሙ «በየቀኑ ትወስጃለሽ?» ሲላት «ከን፣ ከን»፣ አዎ አዎ፣ ትላለች። ሐኪም ፊት «አይ፣ አልወሰድኩም» ማለት ነውር ሆኖባት እኮ ነው። እሱ ግን ያምናታል። ስኳሯ እንዳልወረደ ሲያይ የማታ ኢንሱሊኗን ይጨምራል። አንድ ቀን አንቺ መጥተሽ ሁሉንም በትክክል ስታስወስጃት ስኳሯ ዝቅ ይላል፤ ያልባታል፣ ትንቀጠቀጣለች፣ ትቀባዥራለች። ያኔ ግማሽ ብርጭቆ ጭማቂ አጠጪያት፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ ለኪያት፣ ስኳሯ ከፍ ካላለ ድገሚ። መዋጥ ካልቻለች ግን በአፏ ምንም አትስጪ፣ 101 ደውዪ።

አንቺ ስታስተረጉሚላትም ስለ ሽንቷ መናገር ታፍራለች። መጋሼሬት፣ ማለት አገናኝ ሠራተኛዋ፣ ካለች እሷን ጥሪ፤ ከሌለች በስልክ አስተርጓሚ አገናኙን በዪ። ውለታ አይደለም፤ በፈረንጆቹ 2011 የወጣ የጤና ሚኒስቴር መመሪያ ክሊኒኩን ያዘዋል።

«ጎንደር ሳለን ስኳር የሚባል በሽታ መች ነበር» ስትልሽ አትከራከሪያት፣ እውነቷን ነው። በፈረንጆቹ 1984 በሙሴ ዘመቻ ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል የመጡት ሲመረመሩ ስኳር ያለበት እምብዛም አልነበረም። ጥቂት ዓመት እዚህ ኖረው ነው የበዛው። እሷ ውኃ ከወንዝ በእንስራ እየቀዳች ነው ያደገች፤ ሰፈሯ ክርያት ሞሼ ላይ ግን ከፎቅ ወርዳ ሱቅ ደርሳ መመለስ ነው፣ ኮላውና ነጭ ዳቦውም እጇ ላይ ነው። አብሹንም አትከልክያት፤ በክኒኑ ፋንታ አይሁን እንጂ። ስኳር ዝቅ ስለሚያደርግ እንደምትጠጣ ለሐኪሙ ንገሪው።

አስተሰርዮን፣ ዮም ኪፑርን፣ ልጹም ማለቷ አይቀርም። በኢንሱሊን ላይ ያለ ሰው እንዲሁ ተነሥቶ አይጾምም፤ ከሳምንታት በፊት ከሐኪሟ ጋር እንነጋገር። ቄሱም ለታመመ ይፈቅዳሉ፤ ከእኔ ከአንቺ ይልቅ እሳቸውን ነው የምትሰማው።

በይ፣ ስልኩን አቀብዪኝ፤ ከሁለቱ የትኛው እንደሚቀር ፋርማሲስቷን ልጠይቃት። አንቺ እስከዚያ እንጀራውን አቅርቢላት፤ ሜትፎርሚን በባዶ ሆዷ ሲሆን ያቅለሸልሻታል።