ወንጭፍን ለሰብል ጥበቃ ስለ መምረጥና በትክክል ስለ መወርወር

ለልማት ጣቢያ ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ
የሥራ አካባቢ፦ ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ

መግቢያ

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ያለው ገበሬ በአንድ የምርት ዘመን ሁለት ጊዜ ይደክማል። የመጀመሪያው ድካም በእርሻ፣ በዘርና በአረም ጊዜ ነው። ሁለተኛው ደግሞ የደረሰውን እህል ከወፍ፣ ከጦጣና ከዝንጀሮ አስጥሎ ጎተራ ለማስገባት የሚደክመው ነው። በተለይም ወደ ዓባይና ወደ በሽሎ በሚወርደው ቆላ ማሽላ ወተት ከሚቋጥርበት ጊዜ አንሥቶ እስኪታጨድ ድረስ ማሳው ያለ ጠባቂ መዋል አይችልም።

ለዚህ ሥራ ከአባቶቻችን የወረስነው ዋናው መሣሪያ ወንጭፍ ነው። ይሁን እንጂ ስለ ዘርና ስለ ማዳበሪያ ብዙ ስናስተምር ስለ ወንጭፍ የምንናገረው ጥቂት ነው፤ ማንም ያውቀዋል ብለን እናልፈዋለን። በመስክ ስንዘዋወር ግን አንዱ ጠባቂ በአንድ ድንጋይ መንጋውን ሲያስነሣ፣ ሌላው አሥር ወርውሮ አንዱም ካሰበው ቦታ ሳይወድቅለት ሲቀር እናያለን። ልዩነቱ የክንድ ጉልበት ብቻ አይደለም። የወንጭፉ ርዝመት፣ የድንጋዩ ክብደትና የአለቃቀቁ ሥርዓት ናቸው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ለመካከለኛና ለሩቅ ውርወራ አስተማማኝ የሆነው ወንጭፍ እንዴት እንደሚመረጥና እንደሚፈተን ማስረዳት ነው።

1. አስቀድሞ ርቀቱን ማወቅ

ወፍ ማሳው ውስጥ የሚወርደው በብዛት በማለዳና ወደ ማታ ነው። ከማማ እስከ 30 ሜትር ባለው ርቀት ያለውን ወፍ በጩኸትና በጅራፍ ድምፅ ማስነሣት ይቻላል። የቡሄ ዕለት እረኞች የሚያጮኹት ጅራፍ እንዲያ የሚጮኸው ጫፉ ከድምፅ ፍጥነት በላይ ስለሚሄድ ነው፤ ለቅርብ ጥበቃም ጥሩ መሣሪያ ነው። ከዚያ ርቆ በማሳው ዳርቻ ያለውን መንጋና ከገደሉ ሥር የሚወጣውን ዝንጀሮ ለመከላከል ግን ወንጭፍ ያስፈልጋል። ጃርት በሌሊት ስለሚመጣ ወንጭፍ ለእርሱ አይሆንም፤ በአጥርና በጉድጓድ መከላከል ይሻላል።

ስለዚህ እያንዳንዱ ጠባቂ ከማማው ተነሥቶ በ30፣ በ50 እና በ70 ሜትር ላይ ችካል ይትከል። ርቀቱን የማያውቅ ሰው የወንጭፉን ጥፋትና የራሱን ጥፋት ለይቶ ማወቅ አይችልም።

2. የወንጭፉ ርዝመት

ድንጋዩ የሚወጣበት ፍጥነት በሁለት ነገር ይወሰናል፤ በወንጭፉ ርዝመትና በአዟዟሩ ፍጥነት። ለምሳሌ ከእጅ እስከ ድንጋዩ 1 ሜትር የሆነ ወንጭፍ በሴኮንድ 3 ጊዜ ቢዞር ድንጋዩ በሴኮንድ 19 ሜትር ያህል ፍጥነት ይኖረዋል። የአየሩን መቋቋም ትተን ብናሰላ፣ በሜዳ ላይ ወደ 36 ሜትር ይደርሳል። ወንጭፉን ወደ 1 ሜትር ከ30 ብናስረዝመውና አዟዟሩ ባይቀንስ ወደ 61 ሜትር ይደርሳል። ይህም የሆነው ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር ርቀት በአራት እጥፍ ስለሚጨምር ነው።

ከዚህ የተነሣ ረጅሙ ወንጭፍ ምንጊዜም ይበልጣል ማለት ግን አይደለም። ረጅም ወንጭፍ የማሽላውን ራስ ይመታል፣ ማማው ላይ ለማዞር አይመችም፣ ለልጅም ይከብዳል። በጥንት ዘመን በሜድትራንያን ባሕር የባሌዓር ደሴቶች ወንጫፊዎች ሦስት ወንጭፍ ይይዙ እንደነበር ተጽፏል፤ ለቅርብ አጭሩን፣ ለመካከለኛ መካከለኛውን፣ ለሩቅ ረጅሙን። ለእኛም ጠባቂ ቢያንስ ሁለት ወንጭፍ ቢኖረው መልካም ነው።

ሲመርጡ ሁለቱ ገመዶች እኩል መሆናቸውን፣ ድንጋይ የሚቀመጥበት ቦታ ድንጋዩን አቅፎ የሚይዝ መሆኑን፣ ጣት የሚገባበት ቀለበትም የማይሾልክ መሆኑን ይመልከቱ። ገመዱ ሲረጥብ የሚለጠጥ ከሆነ ማለዳ በጤዛ ጊዜ የሚወረወረው ከቀትሩ ይለያል። ስለዚህ ገመዱን አርጥቦ፣ በድንጋይ አንጠልጥሎ አሳድሮ፣ ከተለጠጠ በኋላ እንደገና ማስተካከል ይገባል።

3. ድንጋዩ

ዳዊት ወደ ጎልያድ ሲሄድ የገጠመውን ድንጋይ አላነሣም፤ ከወንዝ ለስላሳውን መረጠ። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ሸካራና ጠፍጣፋ ድንጋይ በአየር ላይ ይጣመማል። እንዲሁም አንዱ 40 ግራም፣ ሌላው 120 ግራም ከሆነ እጅ አንዱን መለማመድ አይችልም።

ከወንዝ ድቡልቡል ድንጋይ የማይገኝበት ቦታ የጭቃ ድቡልቡል መሥራት ይቻላል። ጭቃው በደንብ ተቦክቶ፣ በአንድ መስፈሪያ እየተለካ፣ የዶሮ እንቁላል በሚያህል መጠን ይድቦልቦልና በጥላ ይድረቅ። የጭቃው ጥቅም ሁለት ነው፤ መጠኑ አንድ ዓይነት ይሆናል፣ ሲወድቅም ተሰባብሮ ስለሚበተን በማሳው ውስጥ ማጭድ የሚያበላሽ ድንጋይ አይተውም።

4. አለቃቀቅ

አብዛኛው ስሕተት የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። በሴኮንድ 3 ጊዜ የሚዞር ወንጭፍ በመቶኛ ሴኮንድ ውስጥ 11 ዲግሪ ያህል ይዞራል። ስለዚህ ጣት አንዲት መቶኛ ሴኮንድ ብትዘገይ፣ በ50 ሜትር ላይ ድንጋዩ ወደ 10 ሜትር ያህል ካሰብነው ቦታ ይርቃል።

ይህን ስሕተት ፈጽሞ ማጥፋት አይቻልም፤ ነገር ግን ወዴት እንዲሄድ መምረጥ ይቻላል። ወንጭፉ ከራስ በላይ እንደ አክሊል ከዞረ፣ ስሕተቱ ወደ ቀኝና ወደ ግራ ይሆናል። በጎን በኩል ከታች ወደ ላይ እንደ መንኮራኩር ከዞረ ግን፣ ስሕተቱ ወደ ማጠርና ወደ መርዘም ይሆናል፤ መስመሩ ግን አይለወጥም። በቀኝና በግራ የጎረቤት ጠባቂዎች ባሉበት ማሳ የሚመረጠው ይህ ሁለተኛው ነው። አዟዟሩም ብዙ መሆን የለበትም፤ አንድ ወይም ሁለት ዙር ይበቃል። ዙር በበዛ ቁጥር እጅ ይደክማል፣ ዓይንም ከዒላማው ይነሣል።

5. ፈተና

ማኅበሩ ወንጭፍ ሲገዛ ወይም ሲያሠራ እንደሚከተለው ይፈትን።

ሀ/ ሰውና ከብት በሌለበት ሜዳ ላይ በ50 ሜትር ችካል ይተከል። በችካሉ ዙሪያ በ3 ሜትር ገመድ ክብ ይሠመር።
ለ/ አንድ ሰው በአንድ ወንጭፍ፣ እኩል በሆኑ 10 ድንጋዮች ይወርውር።
ሐ/ ክብ ውስጥ የወደቁት ተቆጥረው ይጻፉ።
መ/ ያው ሰው በሌሎቹም ወንጭፎች እንዲሁ ያድርግ፤ በሌላ ቀን ደግሞ ይደገም።

የሚመረጠው ከሁሉ አርቆ የወረወረው ሳይሆን ብዙ ድንጋይ በአንድ ቦታ የሰበሰበው ነው። ሁሉም ድንጋዮች አንድ ላይ ተሰብስበው ነገር ግን ከክቡ ወጥተው ከወደቁ፣ ወንጭፉ ደህና ነው፤ የሚታረመው ወርዋሪው ነው። ወዲያና ወዲህ ከተበተኑ ግን ወንጭፉን፣ ድንጋዩንና አለቃቀቁን በየተራ መመርመር ያስፈልጋል።

6. ስለ አየር ጠመንጃ

አንድ ማኅበር በወንጭፍ ፋንታ የአየር ጠመንጃ ለመግዛት ቢያስብ ምን እንመክራለን? የአየር ጠመንጃም የሚመረጠው በዚያው ሕግ ነው። አፈ ሙዙ ውስጡ ጠመዝማዛ ቦይ ያለው፣ ጥይቱ አንድ ዓይነት፣ ግፊቱም ከተኩስ ተኩስ የማይለዋወጥ ሊሆን ይገባል፤ በ25 እና በ50 ሜትር 10 ጥይት ተተኩሶ መሰብሰቡ ይለካል። በብዛት የሚሠራበት ስፋት 4.5 እና 5.5 ሚሊ ሜትር ነው። ጥይቱ ቀላል ስለሆነ ነፋስ ይገፋዋል።

ለሰብል ጥበቃ ግን አንመርጠውም። መንጋ የሚነሣው በድምፅና በድንጋጤ ነው፤ የአየር ጠመንጃ ድምፁ አነስተኛ ሲሆን በአንድ ጊዜም አንዲት ወፍ ብቻ ይመታል። ዝንጀሮንም አቁስሎ ይለቃል እንጂ አይመልስም። ከዚህም በላይ በ1999 ዓ.ም በወጣው የዱር እንስሳት አዋጅ ቁጥር 541 መሠረት ያለ ፈቃድ ማደን የተከለከለ ነው። በ2012 ዓ.ም የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177ም ስላለ፣ ማኅበሩ ከመግዛቱ በፊት የወረዳውን ፖሊስ መጠየቅ አለበት።

7. ጥንቃቄ

ወንጭፍ መጫወቻ አይደለም። 60 ግራም ድንጋይ በሴኮንድ 25 ሜትር ሲሄድ የሚይዘው ኃይል፣ ግማሽ ግራም የአየር ጠመንጃ ጥይት በሴኮንድ 175 ሜትር ሲሄድ ከሚይዘው ከሁለት እጥፍ ይበልጣል። ዓይን ያጠፋል፣ ራስም ይሰብራል። ስለዚህ ድንጋዩ የሚወድቅበት ቦታ ሳይታይ አይወርወር። መንገድ፣ ውኃ መቅጃና የጎረቤት ማማ ባለበት አቅጣጫ ፈጽሞ መወርወር የለበትም። ዓላማውም እንስሳውን መምታት ሳይሆን ከፊቱ ጥሎ መመለስ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ማማ ላይ የሚውለው በብዛት ልጅ ነው። እህል የሚደርስበት ወቅት ደግሞ ትምህርት የሚጀመርበት ወቅት ነው። እያንዳንዱ ቤት ለየራሱ ማሳ ልጁን ከሚያውል ይልቅ፣ ጎን ለጎን ያሉ ማሳዎች ባለቤቶች በማኅበር ሆነው አዋቂ ጠባቂ በተራ ቢመድቡ፣ በደንብ የሚወረውር አንድ ሰው የብዙ ልጆችን ሥራ ሊሠራ ይችላል።

ማጠቃለያ

የልማት ሠራተኛው ማሽላ ወተት ከመቋጠሩ ሁለት ሳምንት በፊት ጠባቂዎችን ሰብስቦ ይህን ፈተና በሜዳ ያሳይ። ርቀቱ በችካል ይታወቅ፣ ወንጭፉ በልክ ይሁን፣ ድንጋዩ እኩል ይሁን፣ አወራወሩ በጎን ይሁን፣ የተጠባባቂዎቹም ተራ በጽሑፍ ይያዝ። እነዚህ አምስቱ ገንዘብ አይጠይቁም፤ ዓመቱን ሙሉ የተለፋበትን እህል ግን ከማሳው እስከ ጎተራው ያደርሳሉ።