ውጤትን ስለ መጠበቅ
ለዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈታኞችና ለወላጆቻቸው የሚሆን ትምህርት

ሰው ከሥራ ይልቅ በመጠበቅ የሚደክምበት ጊዜ አለ። ሥራ እጅን ይይዛል፤ መጠበቅ ግን እጅን ባዶ ትቶ ልብን ይይዛል። በሀገራችን ከሐምሌ ጀምሮ እስከ አዲሱ ዓመት መግቢያ ያለው ጊዜ ለብዙ ሺህ ቤቶች እንዲህ ያለ ጊዜ ነው፤ የዐሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና የተፈተኑ ልጆች ወደ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት መብቃት አለመብቃታቸውን የሚጠብቁበት ነውና። ይህ ትምህርት በሰቆጣ ከተማና በዋግ ኽምራ ደጋና ቆላ ላሉ ቤቶች ተጻፈ፤ ሆኖም በሌላ ስፍራ ያለ አንባቢም የራሱን ነገር ያገኝበታል።

አስቀድመን ነገሩ እንዴት እንደ ሆነ እንመልከት። ቀድሞ የፈተናው ወረቀት እየተሰረቀ ይወጣ ስለ ነበር፥ ከ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶ ተማሪዎች ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ግቢ እየተወሰዱ፥ ስልክ ሳይዙ፥ በዚያ አድረው እንዲፈተኑ ተደረገ። ወደ ዩኒቨርሲቲ በቀጥታ ለመግባትም ከጠቅላላው ነጥብ ቢያንስ ግማሹን ማግኘት ግድ ሆነ። በዚያ በመጀመሪያው ፈተና ከመቶ ተፈታኞች ግማሹን ያገኙት 3.3 ብቻ ነበሩ። በሚከተለው ዙር 3.2፥ በ2016 ዓ.ም. 5.4፥ በ2017 ዓ.ም. 8.4 ሆኑ። እነሆ፥ በእነዚህ በአራቱ ዙሮች ከመቶ ልጆች ከዘጠና የሚበልጡት ግማሹን አልደረሱም።

እንግዲህ ፍርድን እናስተካክል። ከዘጠና በላይ የሚሆኑት ያልተሻገሩትን ወንዝ አንድ ልጅ ባይሻገር፥ ስንፍናው ብቻ ነው ያስቀረው ማለት ፍርድ ማጉደል ነው። የዋግ ልጅ ደግሞ የራሱ ሸክም አለበት። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነት ሰቆጣን በያዛት ጊዜ ትምህርት ተቋረጠ፤ ከአበርገሌና ከጻግብጂ የተፈናቀሉ ቤተሰቦችም በመጠለያ ኖሩ። ከዚህም ሌላ ድርቅ በየጊዜው ይመላለሳል። በቤቱ ኽምጣና ሲናገር ያደገ ልጅ አማርኛን ሁለተኛ አድርጎ ይማራል፤ የፊዚክሱና የሒሳቡ ጥያቄ ግን በእንግሊዝኛ ተጽፎ ይመጣለታል። በሦስተኛ ቋንቋው ተፈትኖ ያገኘው ነጥብ የእውቀቱ ሁሉ ልክ ነው ማለት አይቻልም።

ይህን የምንለው ለሰነፍ መደበቂያ ይሆን ዘንድ አይደለም። ያልተጋ ሰው ያልተጋ መሆኑን ለራሱ ይመን። ነገር ግን ሰው የሚጠብቀውን ነገር በትክክለኛ ሚዛን ሳይመዝን በትክክል ሊጠብቀው አይችልም። ፈተናው በጥቂት ቀናት ውስጥ የጥቂት ትምህርቶችን እውቀት ይለካል። የልጁን ታማኝነት፥ የእጁን ሥራና ለወላጆቹ ያለውን ፍቅር አይለካም፤ እለካለሁም አላለም።

አንደኛ፤ በእጃችሁ ያለውን ከእጃችሁ ከወጣው ለዩ።

የመለሳችሁት ወረቀት ከእጃችሁ ወጥቷል። ሌሊት ተነሥታችሁ መልሱን ብትቆጥሩ፥ ከጓደኛ ጋር ብታስተያዩ፥ አንድ ነጥብ አትጨምሩበትም፤ ስለትም ቢሆን የታረመውን ወረቀት አይለውጠውም። የዋግን ገበሬ ተመልከቱ። ዝናብ ብዙ ጊዜ የከዳው ሰው ነው፤ ቢሆንም ዘሩን ከዘራ በኋላ ደመና ሲቆጥር አይውልም። እርከኑን ይጠግናል፤ አረሙን ይነቅላል፤ ቀፎውን ያሰናዳል። ስሙ የታወቀው ነጭ የዋግ ማር ከክረምቱ አበባ በኋላ የሚቆረጠው ቀፎው አስቀድሞ ተሰናድቶ ስለ ቆየ ነው።

እናንተም እንዲሁ አድርጉ። ቀን የእርሻውን ወይም የሱቁን ሥራ አግዙ፤ ታናናሾቻችሁን አስጠኑ። ሒሳብንና እንግሊዝኛን በየቀኑ ጥቂት ጥቂት አንብቡ፤ ውጤቱ ወደየትም ቢመራችሁ እነዚህ ሁለቱ ያስፈልጓችኋልና። ሌሊት ተኙ። ይህ ሁሉ ጭንቀትን ፈጽሞ አያጠፋም፤ ነገር ግን ጭንቀት ብቻውን የቤቱ ጌታ እንዳይሆን ያደርጋል።

ሁለተኛ፤ ከወሬና ከአታላይ ተጠበቁ።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባላል። ውጤት የሚወጣው ከትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት ነው፤ የሚታየውም በተፈታኙ መለያ ቁጥር ነው። «ዛሬ ማታ ይወጣል» እየተባለ በየመንደሩ የሚነገረው ወሬ ልብን ከማድከም በቀር ጥቅም የለውም። ከዚህ የሚከፋው ደግሞ በቴሌግራም እየተመላለሰ «ገንዘብ ላኩልን፥ ውጤታችሁን እናስተካክላለን» የሚለው ነው። እርሱ ሌባ ነው። ፍየል ተሸጦ የተገኘውን ገንዘብ ይበላል፤ ልጁንም የማጭበርበር ተባባሪ ያደርገዋል። ነጥቡ ተሳስቷል የሚል ቢኖር፥ አገልግሎቱ ቅሬታ የሚቀበልበትን ጊዜና መንገድ ያስታውቃል፤ በዚያ ያመልክት።

ሦስተኛ፤ ውጤቱን አስቀድሞ ያየ ሰው አንደበቱን ይጠብቅ።

ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት በአማራ ክልል ለአንድ ዓመት ያህል ተቋርጦ ነበር። በዚያ ጊዜ በክልሉ ያለ ተማሪ ውጤቱን በስልኩ ማየት ስላልቻለ፥ መለያ ቁጥሩን በሌላ ከተማ ላለ ዘመድ መስጠት ነበረበት። ዛሬም መረቡ ሲደክም እንዲሁ ይደረጋል። በዚህ ጊዜ የልጁ ምሥጢር በሌላ ሰው እጅ ይወድቃል።

አንተ የሌላውን ውጤት ያየህ ሰው ሆይ፥ አስቀድመህ ለባለቤቱ ንገር፤ ለአጎቱም፥ ለጎረቤቱም፥ ለቡና ማኅበሩም አይደለም። ብቻውን ሲሆን ንገረው። ነጥቡን እንዳለ ንገረው፤ ለማስደሰት አትጨምር፥ ለማስደንገጥም አትዘግይ። ያለፈ ተማሪም ደስ ይበለው፤ ደስታ የተገባ ነው። ነገር ግን አብሮት ያጠና ጓደኛው በጎረቤት አንገቱን ደፍቶ እንደ ተቀመጠ አይርሳ፤ ከእልልታው በፊት ወይም በኋላ ወደ እርሱ ይሂድ።

አራተኛ፤ ለወላጆች።

እናንት አባቶችና እናቶች ሆይ፥ ማር ሸጣችሁ፥ ከአፋችሁ ቀንሳችሁ እንዳስተማራችሁ ልጃችሁ ያውቃል። ስለሚያውቅም ነው የሚጨነቀው፤ ድካማችሁን ብትቆጥሩለት ሸክሙን ታከብዱበታላችሁ እንጂ ትጋትን አትጨምሩለትም። «የእገሌ ልጅ አልፏል» የሚለውን ቃል ከቤታችሁ አርቁ። ይልቅስ ውጤቱ ከመምጣቱ አስቀድሞ፥ «ልጄ፥ ከፈተናው በፊት ልጄ ነበርህ፥ ከፈተናውም በኋላ ልጄ ነህ» በሉት። ይህን ቃል ውጤቱ ከመጣ በኋላ ብትናገሩት ማጽናኛ ይመስለዋል፤ አስቀድማችሁ ብትናገሩት ግን እውነት መሆኑን ያምናል።

ነገሩ ቀላል አይደለምና በግልጥ እንናገር። ውርደት የጸናበት ወጣት ሳይሰናበት ሌሊት ከቤት ወጥቶ፥ በጅቡቲና በየመን አድርጎ ሳዑዲ ዐረቢያ ለመድረስ መንገድ ሊጀምር ይችላል። በዚያ በረሃና ባሕር ብዙ የኢትዮጵያ ልጆች አልቀዋል። ሌላው ደግሞ ከቤት ሳይወጣ ሕይወቱን ይጠላል። ልጃችሁ መብል ቢተው፥ ከሰው ቢለይ፥ «መኖሬ ምን ይጠቅማል» ቢል፥ «ያልፍለታል» ብላችሁ አትተዉት። ብቻውን አይደር፤ ተቀምጣችሁ አድምጡት፤ ሳትዘገዩም ወደ ሐኪም ውሰዱት። በዚህ ማፈር አይገባም።

አምስተኛ፤ ከውጤቱ በኋላ ያለውን መንገድ ከውጤቱ በፊት እወቁ።

ግማሹንና ከዚያ በላይ ያገኘ ተማሪ የሚፈልጋቸውን ዩኒቨርሲቲዎች በቅደም ተከተል ይመርጣል፤ የሚመድበው ግን ትምህርት ሚኒስቴር ነው። ወልድያን ወይም ባሕር ዳርን የመረጠ ልጅ ወደ ሩቅ ሀገር ቢመደብ ምርጫው ቀረ እንጂ ዕድሉ አልቀረም። ግማሹን ያላገኙት ሁሉ ደግሞ በአንድነት ከደጅ አይቀሩም። በ2015 ዓ.ም. የተጀመረ፥ ሬሜዲያል የሚባል የማካካሻ ትምህርት አለ፤ ሚኒስቴሩ በሚቆርጠው ነጥብ የተመረጡት በዩኒቨርሲቲ ጥቂት ወራት ይማራሉ፤ ተፈትነው ያለፉትም የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች ይሆናሉ። ከዚያ የቀረም በግል ተመዝግቦ እንደ ገና ሊፈተን፥ ወይም በቴክኒክና ሙያ ገብቶ እጁን ሊያስተምር ይችላል። የውሃ ቧንቧና የኤሌክትሪክ መስመር የሚዘረጋ፥ ሞተር የሚጠግን ሰው በዋግ ምን ያህል እንደሚፈለግ የሚያውቀው ውሃ ከሩቅ የሚቀዳ ሰው ነው።

ስለዚህ ወላጅና ልጅ ከውጤቱ በፊት አንድ ምሽት አብረው ይቀመጡ፤ «ይህ ቢሆን ይህን እናደርጋለን፥ ያ ቢሆን ያን እናደርጋለን» ብለው ይወስኑ። ሁለት መንገድ አስቀድሞ ያየ ሰው አንዱ ቢዘጋበት አይወድቅም። ውጤቱ በሚመጣበት ቀን የሚመጣው ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ የሚያገኘውን ቤት ግን እናንተ ዛሬ ልታሰናዱት ትችላላችሁ።

ለማሰብና በቤት ለመነጋገር የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. ከፈተናው ወዲህ ባሉት ቀናት በእጄ ያለውን የትኛውን ሥራ ሠራሁ?
2. ስለ ውጤት የሰማሁትን ወሬ ሳልመረምር ለማን አሳለፍሁ?
3. የጓደኛዬን ውጤት ባውቅ ለማን አስቀድሜ እነግራለሁ?
4. ወላጅ ብሆን፥ ለልጄ ልናገረው የሚገባኝን ቃል እስከ ዛሬ ተናግሬዋለሁን?