«ቁም» ወይስ «ቂም»? ዓይን ያያል፣ አእምሮ ያነባል

እዚህ ሜልቦርን፣ ሆፐርስ ክሮሲንግ፣ ለአካባቢያችን አረጋውያን የአማርኛ መተግበሪያ ስሠራ የፊደሉን መጠን የምወስነው በግምት ሳይሆን በስሌት ነው።

«ቁም» እና «ቂም» የሚለዩት በአንዲት ጭረት ቦታ ብቻ ነው፤ ካዕቡ ላይ ወገቡ ጋ፣ ሣልሱ ላይ እግሩ ጋ። ይህችን ጭረት መለየት የዓይን ሥራ ነው። ሆላንዳዊው ሐኪም ሄርማን ስኔለን በ1862 እ.ኤ.አ. ባወጡት የዓይን መመርመሪያ ሰሌዳ፣ የጤናማ ዓይን መለኪያ 1 የማዕዘን ደቂቃ ነው፤ ማለትም የ1 ዲግሪ 60ኛ። ስልኩ ከዓይን 40 ሳንቲ ሜትር ሲርቅ ይህ 0.12 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። ጭረቷ ወይም አጠገቧ ያለው ክፍተት ከዚህ ካነሰ ይደበዝዛል። ዓይኑ ለደከመ ሰው እጥፉን አስቡ።

ግንዛቤ ደግሞ የአእምሮ ሥራ ነው። «እዚያ ጋ ቁም» የሚለውን ማንም «ቂም» ብሎ አያነበውም፤ ጭረቷ ባትታይም ዐውዱ ይሞላታል። የሰው ስም፣ የመድኃኒት ስም ወይም የይለፍ ቃል ላይ ግን የሚያግዝ ዐውድ የለም።

ስለዚህ ፎንታችሁን በዓረፍተ ነገር ብቻ አትፈትኑ። ቁ እና ቂ፣ ሉ እና ሊ፣ ቡ እና ቢ እያቀያየራችሁ ለየብቻ አሳዩ። አንባቢው ካመነታ መጠኑን ጨምሩ።