«በአካል»፣ «ፊት ለፊት» እና «አንድ ለአንድ» በንክኪ ልየታ ሥራ

የንክኪ ልየታ መስፈርቶች በአብዛኛው የሚደርሱን በእንግሊዝኛ ተጽፈው ነው። ባለሙያው ጥያቄውን በአማርኛ ሲያቀርብ ተርጓሚም መሆኑ ስለማይቀር፣ ኢን ፐርሰን፣ ዋን ኦን ዋን እና ፌስ ቱ ፌስ የተባሉትን ቃላት ለይቶ ሊያውቅ ይገባል።

ኢን ፐርሰን በአካል መገኘትን ብቻ ያመለክታል፤ ስለ ርቀትም ሆነ ስለ ሰው ብዛት አይናገርም። በለቅሶ ድንኳን የተሰበሰበ ሁሉ በአካል ተገኝቷል። ዋን ኦን ዋን ደግሞ የሁለት ሰዎችን ግንኙነት ያለ ሦስተኛ ወገን ይገልጻል። በስልክ የሚሰጥ የግል ምክርም በዚህ ስም ይጠራል፤ ስለዚህ «ምክሩ አንድ ለአንድ ይሰጥ» የሚል መመሪያ ታካሚው ጤና ጣቢያ ድረስ ይምጣ ማለት አይደለም። ቃሉን ሲሰሙ «አንድ ለአምስት» የሚታወሳቸው ሰዎች ስላሉም «ሁለታችሁ ብቻ» ማለቱ ይሻላል።

አስቸጋሪው ፌስ ቱ ፌስ ነው። በተለመደው አነጋገር ከኢን ፐርሰን ብዙም አይለይም። የዓለም ጤና ድርጅት ለኮቪድ-19 ባወጣው የንክኪ ትርጓሜ ግን በ1 ሜትር ርቀት ውስጥ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ መቆየትን ይጠይቃል፤ በ2020 (እ.ኤ.አ.) ትርጓሜው የሚታየውም ምልክት ከመጀመሩ 2 ቀን በፊት አንሥቶ እስከ 14 ቀን በኋላ ያለው ጊዜ ነበር። የተጨባበጠ ወይም የተሳሳመ ሰው ግን ደቂቃ አይቆጠርለትም፤ ቀጥተኛ አካላዊ ንክኪ ራሱን የቻለ መስፈርት ነውና።

ይህ ሁሉ «ፊት ለፊት ተገናኝታችኋል?» በሚል ጥያቄ ብቻ ሲተረጎም ምን እንደሚሆን እንመልከት። በሚኒባስ ታክሲ ከታማሚው ጋር ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግቶ ግማሽ ሰዓት የተጓዘ ሰው «የለም፣ ጎን ለጎን ነበርን» ብሎ በቅንነት ይመልሳል፤ ስሙም ከዝርዝሩ ይቀራል። «በአካል ተገናኝታችኋል?» ቢባል ደግሞ ከመንገድ ማዶ እጅ የነሣ ጎረቤት ሁሉ «አዎን» ይላል። ለዕለት ጉርሱ የሚሠራን ሰው ያለ በቂ ምክንያት ከቤት ማዋል ቀላል ጉዳት አይደለም።

ስለዚህ ጥያቄው በሚጨበጥ ነገር ይቅረብ፦ «እጅዎን ቢዘረጉ በሚነኳቸው ቅርበት ሩብ ሰዓት ያህል አብረው ቆይተዋል?» መልሱ «አዎን» ከሆነ የት እንደተቀመጡና መስኮቱ ክፍት እንደነበረ ይጠየቅ፤ ጎን ለጎን የነበረም ለስጋት ግምገማ ይመዝገብ። ለሕዝብ ስናስተምረው የነበረው «ሁለት የአዋቂ እርምጃ» ለመከላከል የተቀመጠ ርቀት ስለሆነ ለዚህ ልየታ መለኪያ አይሆንም።