ምዕራፍ ሰባት፦ «ፈቃደኛ አይደሉም» ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት

እናንተ ማኅበራዊ ሠራተኞች ይህን ምዕራፍ የምትከፍቱት ደክሟችሁ እንደሆነ አውቃለሁ። ቀኑን ሙሉ ከቤት ቤት ስትዞሩ ትውላላችሁ፤ የመከራችኋቸው ሰዎች ምክራችሁን እንደተቀበሉ ያሰናብቷችሁና በሳምንቱ ስትመለሱ ሁሉም ነገር እንደነበረ ታገኙታላችሁ። ማታ በባጃጅ ወደ አርባ ምንጭ ሲቀላ ስትወርዱ «የምለፋው ለማን ነው?» ያላለ ከመካከላችሁ የለም። እኔም ብዬአለሁ። ዓይኔን የከፈተልኝ የአንዲት ባልደረባዬ ታሪክ ነውና ከምክሩ በፊት እሱን ልንገራችሁ።

ይህች እኅት በጋሞ ዞን በጨንቻ በኩል ባለ አንድ ቀበሌ አረጋውያንን ትጎበኝ ነበር። ከምትጎበኛቸው አንዱ የሆኑት የዶርዜ ሸማኔ አባት የዝሆኔ በሽታ ነበረባቸው፤ ሐኪሞች ፖዶኮኒዮሲስ የሚሉት ነው። ይህ በሽታ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ እርግማንም አይደለም። ከእሳተ ገሞራ በተገኘ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር ሲኬድ ደቃቅ የአፈር ቅንጣቶች በቆዳ ዘልቀው የሚያመጡት ነው፤ በአገራችን ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ሰዎች እንዳለባቸው ይገመታል። እግርን በየቀኑ በሳሙና መታጠብ፣ ቫዝሊን መቀባት፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ ብዙ ለውጥ ያመጣል። ባልደረባዬ ይህን ሁሉ አስረዳቻቸው። ለእብጠታቸው የሚሆን ሰፊ ጫማም አሠርታ ወሰደችላቸው፤ መረቋት።

በሁለተኛው ጉብኝት ጫማው በላስቲክ ተጠቅልሎ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አገኘችው። እንደገና መከረች። በሦስተኛውም እዚያው ተሰቅሏል። ያን ቀን ድምፅዋን ከፍ አደረገች፤ ከድጋፍ ዝርዝሩ ሊሰረዙ እንደሚችሉም ተናገረች። እሳቸው መልስ አልሰጧትም፤ ተነሥተው እስከ ደጅ ሸኟት። ቢሮ ተመልሳ ቅጹ ላይ ሁለት ቃል ጻፈች፦ «ፈቃደኛ አይደሉም»።

እነዚህ ሁለት ቃላት በየቢሮው ስንት ሰው እንደቀበሩ አስቡት።

ታሪኩ የተለወጠው ዝናብ ስላገታት ነው። በአራተኛው ጉብኝት መንገዱ ጭቃ ሆኖ መኪና ስታጣ ከሳቸው ቤት ተቀመጠች፤ እሳቸውም ሥራቸውን ቀጠሉ። የዶርዜ ሸማኔ እንዴት እንደሚሠራ ያየ ሰው ቀሪውን ይገምታል። ሸማኔው ከሽመና ጉድጓዱ አፍ ተቀምጦ እግሩን ወደ ውስጥ ይሰዳል፤ እጁ መወርወሪያውን ሲወረውር እግሩ ከታች መርገጫውን ይረግጣል። ባልደረባዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ምክር ያልሆነ ነገር ጠየቀቻቸው፦ «አባባ፣ ቀንዎ እንዴት ነው የሚውለው?»

«ሸማኔ የሚሸምነው በእጁ ብቻ መሰለሽ?» አሏት። «ግማሹን የሚሠራው እግሬ ነው። ጫማ ካደረግሁ የመርገጫው ገመድ በጣቶቼ መካከል አይሰማኝም፤ ካልተሰማኝ ጥበቡ ይበላሻል፤ ጥበቡ ከተበላሸ ማን ይገዛኛል?» ጫማውን የሰቀሉት ንቀውት አይደለም። ለገበያና ለመስቀል ቀን እንዳይቆሽሽ አክብረው ነው ያስቀመጡት።

መፍትሔውን ያመጡትም ራሳቸው ናቸው። ዶርዜ ቤቱን እንኳ ከቀርከሃ የሚሠራ ሕዝብ ነው። የጉድጓዱን ወለል ላስቲክ አነጠፉበት፤ በላዩ ቀርከሃ ጠርበው ዘረጉበት፤ እግራቸው ከአፈሩ ተለየ። ሥራ ሲያበቁ ታጥበው ጫማቸውን አድርገው ይወጣሉ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ አይታ «ይሄ ጥሩ ነው» አለች። ሦስት ጉብኝት ሙሉ ያልተገኘው መልስ በአንድ ጥያቄ ተገኘ።

አንደኛው እርምጃ፦ ስለ ችግሩ ሳይሆን ስለ ቀኑ ጠይቁ

«ምን ቸገረዎት?» የሚለው ጥያቄ ሰውን ተመጽዋች ያደርገዋል፤ የምታገኙትም የዘይትና የዱቄት ዝርዝር ነው። «ቀንዎ እንዴት ይውላል? ከቀኑ የትኛው ክፍል ደስ ይልዎታል? የትኛውስ ይከብድዎታል?» ብትሉ ግን ሰውየው ስለሚያውቀው ነገር ይናገራል፤ እናንተም ተማሪዎች ትሆናላችሁ። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ካርል ሮጀርስ እ.ኤ.አ. በ1951 ባሳተመው መጽሐፍ የተከራከረው ለዚህ ነው፦ ሰው በአክብሮትና ያለ ፍርድ ከተደመጠ የራሱን መንገድ የማግኘት አቅም አለው። ሰውን ማዕከል ያደረገ ድጋፍ የሚባለው አሠራር ከዚህ አስተሳሰብ ብዙ ወርሷል።

ጋሞ ግን ይህን ከመጽሐፍ መማር አያስፈልገውም። ዱቡሻ በሚባለው የሸንጎ ቦታ የተቀመጠ ሰው ያውቀዋል፤ ሸንጎው በምርቃት ይከፈታል፣ አንዱ ሲናገር ሌላው ያዳምጣል። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩ በጋሞ ተወላጆች ላይ በደረሰው ጥቃት ልባቸው የቆሰለ ወጣቶች አርባ ምንጭ ላይ ለበቀል ሲነሡ የጋሞ አባቶች ያደረጉትን አገር አይቷል። እርጥብ ሣር ይዘው በወጣቶቹ ፊት ተንበረከኩ፤ ቁጣውም በረደ። በዕድሜ የሚበልጡት ናቸው የተንበረከኩት። እኛ በሁለት ሳምንት ሥልጠና ደጃፍ ላይ ቆመን አባቶቻችንን የምንገሥጸው ከማን ተምረን ነው? ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል። ምክር ይዞ የሚገባ ሰውም አጥር ሊነቀንቅ ይችላል።

ሁለተኛው እርምጃ፦ በቋንቋቸው ስሙ

ጋሞኛ የማትችሉ ከሆነ የሚያስተረጉምላችሁ ሰው ከቤተሰቡ ውጭ ይሁን፤ ምራት ስታስተረጉም ስለ ምራት የሚነገረው ነገር ይቀራል።

ሦስተኛው እርምጃ፦ የማታ ደብተር

ከዚህ ምዕራፍ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይህን ያዙ። እ.ኤ.አ. በ1983 ዶናልድ ሾን የተባለ ምሁር ባለሙያ ሰው ሁለት ጊዜ እንደሚያስብ ጻፈ፤ አንዴ በሥራው መካከል፣ አንዴ ከሥራው በኋላ። ግራሃም ጊብስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1988 ሁለተኛውን በስድስት ደረጃ ከፋፈለው፦ ምን ሆነ፣ ምን ተሰማኝ፣ ምን መልካም ምን መጥፎ ነበር፣ ለምን እንዲህ ሆነ፣ ሌላ ምን ማድረግ እችል ነበር፣ ቀጥሎስ ምን አደርጋለሁ። ለተማሪ መልካም ነው። ቀኑን ሙሉ ዳገት ሲወጣ ለዋለ ሰው ግን ስድስት ብዙ ነው፤ እኔ ወደ ሦስት መስመር አሳጥሬዋለሁ፦

ዛሬ ማንን ሳልሰማ ተናገርኩ?
ያን ጊዜ ምን ተሰምቶኝ ነበር?
ነገ ምን ብዬ እጠይቃለሁ?

ተራ የተማሪ ደብተር ይበቃል። ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ከራት በፊት ጻፉ፤ ከራት በኋላ እንቅልፍ ይቀድማል። አንድ ማታ የጻፍኩትን ልንገራችሁ። «ሴቻ ሰፈር ያሉ እናት ቤት፤ እሳቸው ተቀምጠው ሳለ ስለ መድኃኒታቸው ከልጃቸው ጋር ተነጋገርኩ። መቸኮል ተሰምቶኝ ነበር። ነገ መጀመሪያ እሳቸውን እጠይቃለሁ።» በማግስቱ ስጠይቃቸው መድኃኒቱን የተዉት ሆዳቸውን ስለሚያቃጥላቸው እንደሆነ ነገሩኝ፤ ለልጃቸው ያልተናገሩት ወጪ እንዳይበዛባት ፈርተው ነው። አብረን ጤና ጣቢያ ሄድን።

ሦስት ሳምንት ከጻፋችሁ በኋላ ገጾቹን ወደ ኋላ ገልጡ። እኔ ስገልጥ ያላዳመጥኳቸው ሰዎች በሙሉ ከሰዓት በኋላ የጎበኘኋቸው ሆነው አገኘሁ። ጥፋቱ የጠባይ ብቻ ሳይሆን የድካምና የረሀብ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከባዱን ጉብኝት በጠዋት አደርጋለሁ። ይህን የትኛውም ሥልጠና አልነገረኝም፤ ደብተሬ ነገረኝ።

በደብተሩ የሰው ስም አይጻፍ፤ ምሥጢር አደራ ነው።

አራተኛው እርምጃ፦ በሳምንት አንዴ ከባልደረባ ጋር

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ደብተር ያላሳያችሁን ጓደኛ ያሳያችኋል። ቡና እየጠጣችሁ አንድ ገጽ አንብቡለት፤ እሱም ያንብብላችሁ።

ይህን ስል ልቤ የሚያዝንበትን ሳልናገር አላልፍም። የሶሻል ወርክ ትምህርት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1959 ተጀምሮ በደርግ ዘመን ተቋረጠ፤ የተመለሰው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። በመካከሉ ወጣቱን ሠራተኛ አጠገቡ ሆኖ የሚያርም ታላቅ ሳይፈጠር አንድ ትውልድ አለፈ። ዛሬም የሥልጠናው አበል ሲነሣ ሁሉም ይነቃል፤ የሥልጠናው ፍሬ ሲጠየቅ ዝምታ ነው። ከዚያ የሚብሰው ፎቶ ነው። አንድ ኪሎ ስኳር ለሰጠናቸው እናት አሥር ጊዜ ፎቶ እናነሣለን፤ ፊታቸውን እናሳያለን፤ ፈቃዳቸውን አንጠይቅም። የገዛ እናታችሁ ብትሆን ታደርጉታላችሁ? የማታደርጉት ከሆነ ለማንም አታድርጉት።

የአረጋውያኑ ልጆችም ከዚህ ነቀፋ አያመልጡም። የጋሞ ልጅ አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ሄዶ ሸምኖ ለአባቱ ገንዘብ መላኩ ያስመሰግነዋል። ነገር ግን ደውሎ «ገንዘቡ ደረሰ?» ብቻ ብሎ ከዘጋ አባቱን እንደ ቅጽ ቆጠራቸው ማለት ነው። «ቀንዎ እንዴት ዋለ?» ማለት ትርፍ ሒሳብ አያስወጣም።

ያ «ፈቃደኛ አይደሉም» የሚለው ቅጽ አሁንም በባልደረባዬ ፋይል ውስጥ አለ፤ አልቀደደችውም። በሥሩ በሌላ ቀለም «አልጠየቅኳቸውም ነበር» ብላ ጽፋበታለች። አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ ቀድማ የምታሳየው ያንን ገጽ ነው።