«እናቴ ጎትታኝ ነው የመጣሁት» ለሚል ደንበኛ

ጥያቄ፦ በጫት ምክንያት ቤተሰብ እየጎተተ የሚያመጣቸው ወጣቶች «ምንም ችግር የለብኝም» ብለው ይዘጉኛል። ምን ላድርግ?
አማካሪዋ፣ ከሳቢያን፣ ድሬ ዳዋ

መልስ፦ በድሬ ወግ «አንቺ» ልበልሽና፣ መጀመሪያ ክርክሩን ተዪው። አንቺ ስለ ጉዳቱ ባወራሽ ቁጥር እሱ ለጫቱ ጥብቅና ይቆማል። እ.ኤ.አ. በ1983 ዊልያም ሚለር የጀመረው፣ ኋላም ከስቲቨን ሮልኒክ ጋር ያዳበረው ሞቲቬሽናል ኢንተርቪዊንግ የተባለው የምክር ስልት መነሻው ይኸው ነው፤ የለውጡን ምክንያት ከደንበኛው አፍ መስማት።

«በርጫው ምን ይሰጥሃል?» ብለሽ ጀምሪ። ጓደኞቹን፣ ጨዋታውን፣ የከሰዓቱን ሙቀት መርሻውን ይነግርሻል። አትቸኩዪ። ቆይቶ «ማታ እንቅልፍ እምቢ ይለኛል እንጂ…» ካለ «እንቅልፍ ማጣቱ አሳስቦሃል» ብለሽ መልሺለት፤ ምክር አትደርድሪ። ቀጥለሽ «ከ0 እስከ 10፣ መቀነስ ምን ያህል ያስፈልግሃል?» በይው። 3 ካለ «ለምን 0 አላልክም?» ብለሽ ጠይቂ፤ ምክንያቱን ራሱ ይቆጥርልሻል። «ለምን 10 አላልክም?» ካልሽው ግን ተመልሶ ጠበቃ ይሆናል።

ቀጠሮው ጠዋት ይሁን፤ በበርጫ ሰዓት ልቡ እዚያው ነው። እናቱም ውጭ ይጠብቁ። «ድምፅ ይሰማኛል፣ ሰው ይከታተለኛል» የሚል ከሆነ ግን በምክር ብቻ አትያዢው፤ ሳትዘገዪ ወደ አእምሮ ሐኪም ላኪው።