የሽንት ዲፕስቲክ በእርግዝና ክትትል፦ አሉታዊ ውጤት ምን ያህል ያስተማምናል?

መግቢያ

የሕመም ምልክት ሳይኖር በሽንት ውስጥ ባክቴሪያ በብዛት መገኘቱ በእርግዝና ወቅት ችላ ሊባል አይገባም። ካልታከመ ወደ ኩላሊት ኢንፌክሽን ሊያመራና ያለጊዜው ለሚመጣ ምጥ ሊያጋልጥ ይችላል። እናቲቱ የማቃጠል ስሜት ስለማይኖራት ችግሩ የሚታወቀው በምርመራ ብቻ ነው። በኢትዮጵያ በብዙ ጤና ጣቢያዎች ደግሞ ለዚህ የሚያገለግለው ዲፕስቲክ ነው።

አሠራሩና ውስንነቱ

ዲፕስቲክ ኢንፌክሽንን የሚጠቁመው በተለይ በሁለት ምልክቶች ነው። የመጀመሪያው፣ እንደ ኢሽሪሺያ ኮላይ ያሉ ባክቴሪያዎች በሽንት ውስጥ ያለውን ናይትሬት ሲለውጡት የሚፈጠረው ናይትራይት ነው። ሁለተኛው ከነጭ የደም ሴሎች የሚወጣው ሉኮሳይት ኢስትሬዝ የተባለ ኢንዛይም ነው።

ናይትራይት ከተገኘ ባክቴሪያ የመኖሩ ዕድል ከፍተኛ ነው፤ አለመገኘቱ ግን ከባክቴሪያ ነፃ መሆንን አያረጋግጥም። ለውጡ እንዲካሄድ ሽንቱ በፊኛ ውስጥ 4 ሰዓት ያህል መቆየት ይኖርበታል፤ ነፍሰ ጡር ሴት ግን ቶሎ ቶሎ ትሸናለች። እንደ ኢንትሮኮከስ ያሉ ባክቴሪያዎችም ናይትሬትን ወደ ናይትራይት አይለውጡም። በሌላ በኩል፣ ሽንቱ ከማሕፀን በር ወይም ከብልት ፈሳሽ ጋር ሲቀላቀል የኢንዛይሙ ውጤት በሐሰት አዎንታዊ ሊሆንና አላስፈላጊ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ሊያሳዝዝ ይችላል።

አማራጭ ዘዴ

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው የቅድመ ወሊድ ክትትል መመሪያ መሠረት ተመራጩ ዘዴ የመካከለኛ ሽንት ካልቸር ነው፤ ካልቸር በሌለበት ደግሞ ከዲፕስቲክ ይልቅ የግራም ማቅለሚያ ምርመራ ይመከራል። ባልተሽከረከረ ሽንት ላይ በዘይት ሌንስ በእያንዳንዱ የእይታ መስክ ቢያንስ 1 ባክቴሪያ መታየቱ፣ በካልቸር በ1 ሚሊ ሊትር ከሚገኝ 100,000 ኮሎኒ ጋር ይቀራረባል። ለወባና ለሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ማይክሮስኮፕ ያለው ጤና ጣቢያ ለዚህ አዲስ መሣሪያ አይጠይቅም፤ የሚያስፈልገው ማቅለሚያ፣ የሠለጠነ ባለሙያና ጊዜ ነው።

ማጠቃለያ

ዲፕስቲክ ፈጣንና ርካሽ በመሆኑ ጥቅም አለው። ሆኖም አሉታዊ ውጤቱ ብቻውን ነፍሰ ጡሯን ከተጨማሪ ምርመራ ለማሰናበት በቂ አይደለም። ዲፕስቲክ ብቻ በሚገኝበት ቦታ የጠዋት የመጀመሪያ ሽንት መውሰድ፣ ናሙናውም በፊኛ ውስጥ የቆየበትን ሰዓት መመዝገብ ውጤቱን በአግባቡ ለመተርጎም ይረዳል።